ሁለት ሳዲያ ሁመድ

ሳዲያ ሁመድ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ባል ላግባ ብላ ስትነሳ፣ ባል እንዳላት ተነገራት።

የነገረቻት ልደታ ውስጥ ባለ አንድ የምዝገባ ጽሕፈት ቤት መስኮት አራት ላይ የምትሠራ፣ ኢሊሊ የምትባል ወጣት ናት። ሳዲያ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምራ ተሰልፋ ወረፋዋ የደረሰው አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። የመጣችው ላላገባ ሰው የሚሰጠውን ማስረጃ ልታወጣ ነው። ያንን ወረቀት ሳይዙ ጋብቻ ማስመዝገብ አይቻልም።

ኢሊሊ መታወቂያዋን ተቀብላ ቁጥሩን መታች፤ ጠበቀች፤ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችና ቅጭም አለች።

«እርስዎ እኮ ያገቡ ነዎት።»

«ማን? እኔ?»

«ሳዲያ ሁመድ ይማም፣ የተወለዱት ሰባ ዘጠኝ። አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ፎቶውም የእርስዎ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ አንድ አግብተዋል። የባልዎ ስም ሰሚር አወል ይላል።»

ሳዲያ ሳቀች። ከኋላዋ የተሰለፉትም አብረው ሳቁ፤ አንዱማ «ሴትዮ፣ ባልሽን ረሳሽው እንዴ?» አላት። ኢሊሊ ግን አልሳቀችም።

«እህቴ፣ እኔ በአሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት እናቴን ሳስታምም ነው የከረምኩት። ከቤት ወጥቼ ጸጉሬን እንኳ አልተሠራሁም፤ እንኳን ባል ላገባ።»

«የማየውን ነው የምነግርዎት። ይኸው ይዩት።»

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞረችላት። ሳዲያ የራሷን ፊት አየች፤ ለመታወቂያ የተነሳችው፣ ጥቁር ሻርፕ ያደረገችበት ፎቶ ነው። ከጎኑ «የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባች» ይላል።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ነበር። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ መዝገብ ቤት፣ የራሱ ቁም ሳጥንና በሲባጎ የታሰረ የራሱ ፋይል ነበረው። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ስካን ተደረገና አንድ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ «ማዕከል» ይሉታል። ሰው የትም ወረዳ ቢሄድ መረጃው እንዲገኝ፣ ፋይል ጠፋ እንዳይባል፣ አይጥ እንዳይበላው ነው የተባለው። ነገሩ ጥሩ ነበር። ሳዲያም በሬዲዮ የሰማች ዕለት ጎሽ ብላ ነበር።

«የድሮው ፋይሌስ? መዝገብ ቤት ገብታችሁ እዩልኝ። እዚያ ውስጥ ባል የሚባል ነገር የለም።»

«ወረቀቱ ስካን ከተደረገ በኋላ ተነስቷል።»

«ወዴት?»

«ወደ መጋዘን።»

«መጋዘኑ የት ነው?»

ኢሊሊ ትከሻዋን ሰበቀች። እውነቷን ነበር፤ አታውቅም። «የእርማት ቅጽ ይሙሉ፤ ወደ ማዕከል እልክልዎታለሁ» ብላ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠቻት። ሳዲያ ቆማ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሞላችው። «መቼ ልምጣ?» ብትላት «በአሥራ አምስት ቀን» አለቻት።

ሳዲያ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው የከፈቷት ጠባብ ሱቅ አለቻት፤ እዚያ ውስጥ ሁለት የስፌት ማሽንና እስከ ጣሪያ የተከመረ ጨርቅ ይዛ ትውላለች። እናቷ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። ሽማግሌ የላኩባት ሁሉ እናቷን ይዛ መግባት እንደምትፈልግ ሲሰሙ ቀሩ። እናቷ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት ከሊፋ መጣ። ከሊፋ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ፍሪጅ ይጠግናል። ለመስኮቱ መጋረጃ ሊያሰፋ መጥቶ ልኩን አሳስቶ ነገራት፤ እንደገና ለክቶ መጥቶም አሳሳተ። ሦስተኛውን ሆን ብሎ እንዳሳሳተው ያመነላት ሽማግሌ ከላከ በኋላ ነው።

በወረቀት እንጋባ ያለው እሱ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱን ያገባት በኒካ ብቻ ስለነበር፣ ስትሞት ባሏ መሆኑን ለማስረዳት ስምንት ምስክር እየጎተተ ከቢሮ ቢሮ ተንከራቷል። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሳይጨርስ ነው ምስክር ልመና የገባው። «ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም» ብሎ ምሏል።

ሳዲያ መስኮት አራት ላይ የተባለችውን ስትነግረው እሱም ሳቀ። «ሰሚር ይባላል? ቆይ እኔ ነኝ ያለው ከመጣ በብሎን መፍቻ ነው የምቀበለው!» አላት። አብረው ሳቁ።

በአሥራ አምስት ቀኗ ሄደች። ሲስተም የለም ተባለ። በማግስቱ ሄደች፤ ሲስተም አለ፣ ኢሊሊ የለችም፣ ሥልጠና ላይ ናት። በሦስተኛው ቀን ኢሊሊም ሲስተሙም ነበሩ። የእርማቱ ጥያቄ «በሂደት ላይ» ይላል።

«በሂደት ላይ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ገና አላዩትም ማለት ነው» አለቻት ኢሊሊ ድምጿን ቀንሳ።

«ራሴ ማዕከል ሄጄ ላናግራቸው።»

«ባለጉዳይ አያስገቡም። እኛንም አያስገቡንም። በሲስተሙ ብቻ ነው የምንጻጻፈው።»

ሱቋን ዘግታ የምትሄድበት ቀን በዛ። ደንበኞቿ «የት ጠፋሽ?» ማለት ጀመሩ። አንዷ ለልጇ ሠርግ ያዘዘችውን መጋረጃ በቀኑ ስላላገኘች ጨርቋን ከነቁርጥራጩ ይዛ ሌላ ዘንድ ሄደች። ሳዲያ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ክር እያስገባች ድንገት ብድግ ትልና «የማላውቀው ሰው!» ትላለች ለብቻዋ። እንደገና ትቀመጣለች።

በስምንተኛው ሳምንት ኢሊሊ ራሷ እጇን ይዛ ወደ ኃላፊው አስገባቻት። ኃላፊው አቶ በሱፍቃድ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ ሰጣት፣ አዳመጣት፣ ኮምፒውተሩንም አየ። ከዚያ እጆቹን አጣምሮ «አንድ አቋራጭ አለ» አላት።

«ምን?»

«የፍቺ ውሳኔ ያምጡልኝ። ሲስተሙ እርማት ለመቀበል ማዕከልን ይጠይቃል፤ ፍቺን ግን እኛው እዚሁ እንመዘግባለን። ያኔ ‹የፈታች› ይላል። የፈታች ሴት ደግሞ ማግባት ትችላለች።»

«ማንን ነው የምፈታው?»

«ይህን ሰው። ሰሚር አወልን።»

«አቶ በሱፍቃድ፣ ሰውዬውን አላውቀውም እኮ!»

«ከተስማማ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ስምምነት ካለ ፍርድ ቤት አያስቸግርም።»

«የማላውቀው ሰው በምን ይስማማልኛል?»

ሲወጡ ኢሊሊ የሳዲያን መረጃ አትማ ማህተም አደረገችበትና ሰጠቻት። «የራስዎ መረጃ ስለሆነ መውሰድ ይችላሉ» አለቻት። ወረቀቱ ላይ የሳዲያ ፎቶ፣ የሰሚር አወል ስም፣ የጋብቻው ቀን፣ ከታች ደግሞ አድራሻ አለ፤ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ የሕንጻና የቤት ቁጥር።

ያን ዕለት ማታ ከሊፋ ሱቋ መጣ። ወረቀቱን ወስዶ አነበበው። ደግሞ አነበበው። በዚህ መሀል እህቱ ቢልቂስ አንድ ነገር ጣል አድርጋበት ነበር፤ «መንግሥት ዝም ብሎ ሰው አያጋባም፤ በደንብ ጠይቃት» ብላዋለች። ከሊፋ ይህን ሳዲያ ፊት አልጠቀሰውም። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላትና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፦

«ሳዲያ፣ እውነት ሰውዬውን አታውቂውም?» አላት።

ከሁለት ወር የቢሮ ምልልስ ይልቅ ይህቺ ጥያቄ አንጀቷን አሳረረችው። አልጮኸችም። መብራቱን አጠፋች፣ መቀሷን መሳቢያ ውስጥ አስገባች፣ የሱቁን በር ጎትታ ቆለፈች። «ደህና እደር» ብላው ሄደች። አራት ቀን ስልኩን አላነሳችም።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሰንጋ ተራ ወረደች። ሕንጻውን ለማግኘት አልተቸገረችም። ደረጃውን ስትወጣ ምን እንደምትል ታሰላስል ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ያሰላሰለችው ሁሉ ጠፋባት። በሩን አንኳኳች።

የከፈተችላት ሕፃን የታቀፈች፣ ቀጠን ያለች፣ በዕድሜ እኩያዋ የምትሆን ሴት ናት።

«አሰላሙ አለይኩም። የሰሚር አወል ቤት ነው?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አዎ ነው። ማን ልበል?»

«ሳዲያ ሁመድ እባላለሁ።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ሳዲያ ሁመድ እኔ ነኝ» አለች።

ሳዲያ ያኔ ማስረዳት ነበረባት። ግን ድካሙና ንዴቱ አፏን ያዘውና ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት። ይህን በማድረጓ በኋላ ብዙ ጊዜ ተጸጽታለች። ሴትዮዋ ማህተም ያለበት ወረቀት ላይ የባሏን ስም አየች፤ ያገባበትን ቀን አየች፤ ከጎኑ ደግሞ በር ላይ የቆመችውን ሴት ፎቶ አየች። ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«ስንት ዓመታችሁ ነው?» አለቻት በዝግታ።

«አይደለም እህቴ፣ ስሚኝ —»

«ስንት ዓመታችሁ ነው ነው ያልኩሽ! ልጅ አላችሁ?»

«ወላሂ ሰውዬውን ዓይቼው አላውቅም!»

«ስሜንም ወሰድሽ? ባሌን ወሰድሽ፣ ስሜንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። የጎረቤት በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ስልኳን አንስታ «ና። አሁኑኑ ና» ብላ ዘጋችው። ሳዲያ ልትሄድ ብትል እግሯ አልሄድ አላት፤ እንዲህ አድርጋ ትታ ብትሄድ የሰው ትዳር በትና እንደሄደች ነው። በሩ መቃን ላይ እንደቆመች ጠበቀች።

ሰሚር የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከአንድ ግንባታ ላይ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ሰሚር ወረቀቱን አየ፣ ሳዲያን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«እኚህ ሴት ማን ናቸው?» አለ።

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ሰው አስመስሎ የሚያደርገው ዓይነት አልነበረም። ሚስቱ ሰባት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ታውቃለች። ትንፋሿ መለስ አለ። ገብታ ከሻንጣ ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን አመጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ዘረጋቻቸው። ቀኑ አንድ ነው። የመዝገብ ቁጥሩ አንድ ነው። ፎቶው ብቻ ይለያያል።

«አያትሽም ይማም ናቸው?» አለች ሳዲያ።

«አዎ። አንቺ ከየት ነሽ?»

«ቤተሰቦቼ ከከሚሴ ናቸው። አንቺስ?»

«ወረባቦ። መቼ ተወለድሽ?»

«ሰባ ዘጠኝ።»

«ያ አላህ» አለች የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ። አፏን በእጇ ከደነች። «ሰሚር፣ ለዚህ እኮ ነው የሀያትን የልደት ካርድ የከለከሉኝ! ‹ሲስተሙ ላይ ያለው ፎቶ የአንቺ አይደለም፣ እናቷ መሆንሽን አስረጂ› ያሉኝ! አምጬ የወለድኳትን ልጅ! ሦስት ወር ሙሉ!»

ከዚያ ሁለቱም እየተቀባበሉ ብሶታቸውን አወረዱት፤ የመስኮቱን፣ የወረፋውን፣ የ«ነገ ተመለሺ»ውን። ሰሚር ምሳውን ሳይበላ መሀላቸው ተቀምጦ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ያያል። ሳዲያ ስትወጣ የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። «ቅድም የተናገርኩሽን አፉ በይኝ» አለቻት። ሳዲያም «እኔ ነኝ ወረቀት ከማውጣቴ በፊት አፌን መክፈት የነበረብኝ» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት አራቱም ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱ ሳዲያዎች፣ ሰሚርና ሕፃኗ ሀያት። ሳዲያ ሳትጠራው ከሊፋም መጣ። ሰሚር ራሱ ፈልጎ አግኝቶት ኖሯል፤ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ፍሪጅ ጠጋኙን ከሊፋን የማያውቅ የለም። ከሊፋ ሳዲያ አጠገብ ቆመና «መጠየቅ አልነበረብኝም» አለ። እሷም ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከፊቷ አስገባችው።

ኢሊሊ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ስታይ ፊቷ በራ። «ሁለት ናችሁ!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች፤ ሮጣ አቶ በሱፍቃድን ጠራችው። ሳዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ያልቃል ብላ አሰበች። የሚታይ ነገር ነው፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት መታወቂያ፣ አንድ ባል፣ ባሉም ቆሞ «ሚስቴ ይህቺ ናት» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

አቶ በሱፍቃድ ሁለቱንም መታወቂያ አየ፣ የጋብቻ ወረቀቱን አየ፣ ራሱን አከከ።

«ሁለት መሆናችሁን እኔ አይቻለሁ» አለ። «ሲስተሙ ነው ያላየው።»

«እርስዎ ካዩ እርስዎ ያርሙታ!» አለች የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ።

«እኔ ማረም አልችልም። ሁለቱ መዝገቦች ማዕከል ላይ ተዋህደዋል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የትውልድ ዘመን ሲገጥምለት አንድ ሰው ናቸው ብሎ ያዋህዳል። መለየት የሚችለው ማዕከል ነው። ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አስቸኳይ ብዬ እጽፋለሁ።» ከዚያ ወደ ሰሚር ዞረ። «ግን አሁን እርስዎ ስላሉ አቋራጩም ይቻላል። በወረቀት ይፋቱና በዚያው ቀን ከእውነተኛዋ ባለቤትዎ ጋር እንደገና እንመዘግባችኋለን። አንድ ቀን ነው።»

ሁሉም ሰሚርን አዩት። ሳዲያም አየችው። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር «እሺ በል፣ እሺ በል» ይል ነበር። አጎቷ ለኒካው ከወሎ መጥተው ሦስት ሳምንት ተቀምጠዋል። ሱቋ ሰው ጠፍቶበታል። አንድ ቀን ነው።

ሰሚር ሚስቱን አየ። «ፍቺ በእኛ ዘንድ ቀልድ የለውም» አለ። «በቀልድ የተባለም ቁም ነገር ነው። ሚስቴን ፈትቻለሁ ብዬ ፈርሜ ማታ እቤቷ አልገባም። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ።»

«ልክ ነህ» አለች ሳዲያ። አለችው እንጂ ከቢሮው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል እንባዋ ፈሰሰ፤ የንዴት እንባ ነበር። ከሊፋ ተከትሏት ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንዲፈታት ፈልጌ ነበር» አለችው። «ልጅ ታቅፋ አጠገቤ ቆማ፣ እንዲፈታት ፈለግኩ። እዚህ ድረስ ነው ያደረሱኝ።»

ከሊፋ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ «ወረቀቱ ይቆይ» አላት። «አጎትሽ ሳይመለሱ ኒካውን እንሰር።»

«አንተ እኮ ምለሃል።»

«ምዬ ነበር። ስምንት ምስክር ካስፈለገ አሁን በሕይወት እያለን እንሰብስብ።»

ኒካው በሚቀጥለው ዓርብ በከሊፋ ቤት ሆነ። የሚያስሩት ሼህ ወሬውን ሰምተው ኖሮ አጎቷን ከማነጋገራቸው በፊት ጉዳዩን አነሱት። «ይህቺ ልጅ ሰው እጅ ናት የሚል ወረቀት አለ ይባላል። ይህ ሳይጠራ አላስርም» አሉ። የከሊፋ እህት ቢልቂስ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ ሰሚር ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ባሏ ነው የሚባለው ሰው እኔ ነኝ» አለ። «ይህቺን ሴት ካወቅኳት ገና ሳምንቴ ነው። ሚስቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ወላሂ፣ ቢላሂ፣ በመሀላችን ምንም የለም።»

ሼሁ ትንሽ አሰቡና «በል እንግዲያውስ አንተ አንደኛው ምስክር ሁን» አሉት። ሳዲያ ከውስጠኛው ክፍል ሆና ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣባት፤ አጠገቧ የተቀመጠችው የሰንጋ ተራዋ ሳዲያም ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትስቃለች። ትንሽ ቆይቶ የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ «እኔስ የልጄን ካርድ መቼ ነው የማገኘው?» አለች በሹክሹክታ።

ሁለት ወር ከሃያ ቀን አለፈ። በየሳምንቱ ማክሰኞ አንዷ ካልተመቻት ሌላዋ ትሄዳለች፤ «በሂደት ላይ» የሚለውን ቃል ሰምታ ትመለስና ለሌላዋ ትደውላለች። አንድ ቀን የሳዲያ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፦ «ጥያቄዎ ተስተናግዷል። በአካል ቀርበው ይረከቡ።» የስፌት ማሽኗን በእግሯ መርገጧን አቆመች። ወዲያው ደወለች፤ የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ ሀያትን አዝላ በታክሲ መጣች።

ኢሊሊ የሳዲያን ቁጥር መታች። ፈገግ አለች።

«‹ያላገባች› ይላል! ፎቶዎም አለ፤ ባል የለም፤ ጠርቷል!»

ማተሚያው ጮኸ። ማህተም ተመታ። ለአምስት ወር የተንከራተተችለት ወረቀት እጇ ገባ። አንድ ገጽ ነው፤ ቀላል። ኒካ ካሰረች ሁለት ወር ያለፋት ሴት ያላገባች መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ይዛ ቆመች። ቢሆንም ደስ አላት፤ አልሐምዱሊላህ አለች። አሁን ከሊፋን ይዛ መጥታ ማስመዝገብ ትችላለች።

«የእኔንስ?» አለች የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ መታወቂያዋን በመስኮቱ እያቀበለች።

ኢሊሊ መታች። ጠበቀች። እንደገና መታች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«የሉም» አለች።

«የሉም ማለት ምን ማለት ነው?»

«መዝገቡን ሲለያዩት... ያለው መዝገብ ለእሳቸው ብቻ ቀረ። ለእርስዎ አዲስ አልተከፈተም። የአቶ ሰሚር አለ፤ ‹ያገባ› ይላል። የሚስት ስም የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው።»

የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ አልጮኸችም። ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ሕፃን አስተካክላ አዘለቻትና መስኮቱን ይዛ ቆመች። «ድሮ ፎቶሽ አይደለም ነበር የሚሉኝ» አለች። «አሁን ጭራሽ የለሁም።»

«እንደገና ማመልከት ይቻላል» አለች ኢሊሊ። «በጣም ይቅርታ። እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

«ሂጂ አንቺ» አለች የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ ወደ ጓደኛዋ ዞራ። «የአንቺ አልቋል። ከሊፋ ይጠብቅሻል፤ ሥራሽም ተበድሏል። ሂጂ፣ እኔ እቀጥላለሁ።»

ሳዲያ ወረቀቷን አየችው። እውነት ለመናገር መሄድ ፈልጋ ነበር። ያንን ኮሪደር፣ ያንን አግዳሚ ወንበር፣ የግድግዳውን ቀለም ሽታ ሁለተኛ ላለማየት ፈልጋ ነበር። ደግሞ የራሷ መዝገብ ጠራ የተባለው የዚህችን ሴት ስም ወስዶ መሆኑን አሰበች። እሷ አልጠየቀችውም፤ የጠየቀችው እንዲለዩዋቸው ብቻ ነው። እንዲህ አድርገው የለዩዋቸው እነሱ ናቸው።

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እጇን በመስኮቱ አስገባች።

«የእርማቱን ቅጽ ስጪኝ።»

«የማን?» አለች ኢሊሊ።

«የእሷን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ካልተፈረመ እንደሚመልሱት አውቃለሁ፤ ሠንጠረዡም የቱ ጋ እንደሚሞላ አውቃለሁ። እኔ እሞላላታለሁ።»

ኢሊሊ ቅጹን ሰጠቻት፤ ከመሳቢያዋም እስክሪብቶ ጨመረችላት። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሀያት ነቅታ መነጫነጭ ጀምራ ስለነበር እናቷ ከጀርባዋ አወረደቻትና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ሳዲያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። እነዚህን ለመሙላት መጠየቅ አላስፈለጋትም። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የእናትሽ ስም ማነው?»

«ዘሀራ» አለች የሰንጋ ተራዋ ሳዲያ። «ዘሀራ እንድሪስ። አጥብቀሽ ጻፊው።»